ዳንቴል ለብሰው የተመዘገቡ ማሽኖች

ኮምፒውተር እችላለሁ ብዬ የተናገርኩት እኔ አይደለሁም፤ እናቴ ናት። የእኔ ጥፋት «ኧረ አልችልም» አለማለቴ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ፈልጌ ሳይሆን አፌ በትኩስ ድንች ተሞልቶ ስለነበር ነው። ድንቹን ስውጥ ነገሩ አልቆ ነበር።

የአሥረኛ ክፍል ፈተና ተፈትኜ ውጤት የምጠብቅበት ክረምት ነው። ውጤት የሚጠብቅ ልጅ ያለበት ቤት ያውቀዋል፤ ልጁ ተማሪ አይደለም፣ ሠራተኛም አይደለም፣ እንግዳም አይደለም። የሚላክ ነገር ሲኖር ብቻ ስሙ ይጠራል። እናቴ ሲስተር ዘርፌ በከተማችን ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ኃላፊ ናት። የከተማችንን ስም አልጠራም። ከላሊበላ ወዲያ፣ ላስታ ተራራ ላይ፣ ደመና መንገድ ሲጠፋበት ገብቶ የሚቀመጥባት ከተማ ናት ካልኩ ይበቃል። ሆስፒታሉም ትናንት ጤና ጣቢያ የነበረ ነው። አንድ ቀን ሰሌዳው ተነሣ፣ ግድግዳው ቀለም ተቀባ፣ ከዚያ «ሆስፒታል» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ተሰቀለ። ሰሌዳው ከሩቅ ይነበባል። አልትራሳውንድ ግን የለውም።

እኛ ቤት ደግሞ ከዚያ አልትራሳውንድ በቀር ሌላ ወሬ አልነበረም። የእናቴ ታናሽ እኅት አክስቴ ስንዱ እርጉዝ ናት። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም መጨረሻቸው ላይ ጠፍተውባታል። ይሄ ሦስተኛው ነው። ሐኪሙ «ስምንተኛ ወሯ ሲገባ በአልትራሳውንድ መታየት አለባት» ብሎ ካርዷ ላይ በቀይ እስክሪብቶ አስምሮበታል። የሚታየው ላሊበላ ነው። ላሊበላ በካርታ ላይ የጣት ጥፍር ያህል ነው የምትርቀው። በክረምት ግን አውቶቡሱ ሰው የሚጭነው ለማድረስ ሳይሆን ጭቃው ላይ ሲደርስ ለማስገፋት ነው። ስንዱ በአምስተኛ ወሯ አንድ ጊዜ ሄዳ መጣች። ከአውቶቡስ ስትወርድ ወገቧን ይዛ፣

«ከእንግዲህ ልጁ ራሱ ተወልዶ በእግሩ ሄዶ ይታይ እንጂ እኔስ አልሄድም!» አለች።

እናቴ ታላቅ እኅት ናትና ተቆጣቻት። አዋላጅ ናትና ደግሞ ማታ ለብቻዬ፣ «እውነቷን ነው፤ ያ መንገድ የያዘችውን እንዳያስጥላት እፈራለሁ» አለችኝ።

ደብዳቤው የመጣው በዚህ መሐል ነው። ከዞን። በመጋዘን ውስጥ አንድ አልትራሳውንድ አለ ይላል። የሚሰጠውም የሕክምና መሣሪያዎቹን በአዲሱ ዲጂታል ሥርዓት መዝግቦ፣ «የኮምፒውተሩ መረጃና በመሬት ላይ ያለው እውነታ አንድ ሆኖ ለተገኘለት» ሆስፒታል ነው። በሦስተኛው ሳምንት መርማሪ ይመጣል። የሆስፒታሉ ኮምፒውተር ባለሙያ ሥልጠና ላይ ነው፤ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቅም። ታዲያ እናቴ በስብሰባ ላይ እጇን አወጣች፤ እኔ ምሳዋን ላደርስ መጥቼ በሩ ሥር ድንች እየበላሁ ነበር።

«የእኔ ልጅ ከኮምፒውተር ትምህርት ዘጠና አራት ነው ያመጣችው።»

ዘጠና አራቱ እውነት ነው። እውነት ያልሆነው ኮምፒውተሩ ነው። ትምህርት ቤታችን መብራት ሲኖር መምህሩ አይኖርም፣ መምህሩ ሲኖር መብራት አይኖርም፤ ስለዚህ ማውስን ያወቅኩት በጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ተስሎ ነው። ጅራት ስለነበረው ብዙም አልገረመኝም። ኪቦርዱን በቃሌ አጥንቼዋለሁ፤ በወረቀት ላይ ከሆነ ዓይኔን ጨፍኜ እመታዋለሁ።

የተሰጠኝ ሦስት ነገር ነው፤ አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ጥቅል ባርኮድ የታተመበት ስቲከር፣ አንድ ቀይ ብርሃን የሚተፋ ማንበቢያ። ማንበቢያውን ሁሉም «ሽጉጡ» ነበር የሚለው። ከዞን የመጣው ሰውዬ በአንድ ሰዓት አሠለጠነኝ፦ ስቲከሩን ማሽኑ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ሽጉጡን ትደግኚያለሽ፣ ጢጥ ሲል የማሽኑን ስምና ያለበትን ክፍል ትጽፊያለሽ። በቃ። እሱ ሲናገረው እንዲህ ቀላል ነበር።

የመጀመሪያው ችግር ጋሽ ምስጋናው ናቸው። የንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ከጤና ጣቢያው ዘመን ጀምረው እያንዳንዱን ወንበር፣ ባልዲና መጥረጊያ በቀይ የዘይት ቀለም ቁጥር ሲጽፉበት ኖረዋል።

«ኮምፒውተሩ ራሱ የንብረት መቀበያ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ ተቆርጦለታል?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ንብረት ሆኖ ሳይመዘገብ ንብረት ሊመዘግብ?»

በማግስቱ ስመለስ ኮምፒውተሩ ቁጥር ተጽፎለታል፤ በቀይ ዘይት ቀለም፣ ስክሪኑ ላይ፣ በስተግራ በኩል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእያንዳንዱን ማሽን ስም የመጀመሪያ ፊደል በግምት ነው የማነበው።

ሁለተኛው ችግር የወለደችኝ እናት ናት። እዚህ ላይ ስለ ዳንቴሉ ልናገር። ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ ቴሌቪዥኑን ዳንቴል እንደሚያለብስ ታውቃላችሁ። እናቴ ግን ምጥ ስትጠብቅ እጇ ሥራ ስለማይፈታ፣ የማዋለጃ ክፍሉን ማሽኖች ሁሉ በኪሮሽ ሠርታ አልብሳለች። የኦክስጅን ማሽኑ ነጭ ነው፤ ጽጌረዳ አለበት። የሕፃናት ማሞቂያው ቢጫ ነው። ሰክሽኑ፣ ማለትም ንፍጥና ደም የሚስበው ማሽን፣ ሰማያዊ ከነዘርፉ። ሌሎቹ ክፍሎች ቀኑና ለእነሱም ሠራችላቸው። ላቦራቶሪ ያለው ማይክሮስኮፕ እንኳ ቆብ አለው። ከሆስፒታላችን በዳንቴል ያልተሸፈነው የዳይሬክተሩ ራስ ብቻ ነው፤ ቴሌቪዥናቸው ግን ተሸፍኗል።

እና ስቲከሬን ልጬ ወደ ኦክስጅን ማሽኑ ስጠጋ እናቴ እጄን ያዘችው።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልለጥፍ ነዋ።»

«ሙጫ? በጨርቅ እየወለወልኩ፣ አቧራ ሳላስነካ ባቆየሁት ገላው ላይ ሙጫ?»

«እና የት ልለጥፈው?»

«ልብሱ ላይ!»

ዳንቴል ቀዳዳ እንጂ ሌላ ነገር ስለሌለው ሙጫ አይዝም። እኔ ግን ሰነፍ አይደለሁም። ስቲከሩን በላስቲክ ቁራጭ ላይ ለጠፍኩ፣ በስኮች ሸፈንኩ፣ ከዚያ በመርፌ ጠርዝ ጠርዙን ሰፋሁት። ውኃ አይገባውም፣ አይላጥም። አርባ ሦስት ማሽን በአራት ቀን ውስጥ ሰፋሁ። ሲያልቅ ቆሜ አየሁትና፣ «እኔ ባልኖር ይሄ ሆስፒታል ምን ይሆን ነበር?» ብዬ ከልቤ አዘንኩለት።

ከዚያ ከክፍል ክፍል እየዞርኩ በሽጉጡ ማንበብ ጀመርኩ። የሴቶች አስተኝቶ መታከሚያ ክፍል ስገባ እማማ ብርቄ የሚባሉ፣ ከሙጃ በኩል የመጡ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት አዩኝ። ቀዩ ብርሃን አጠገባቸው ባለው ግፊት መለኪያ ላይ ሲያርፍና ጢጥ ሲል ነጠላቸውን አጣፍተው ቀና አሉ። ቄስ መስቀል ይዞ ሲገባ ግንባር እንደሚቀርብለት እሳቸው ጉልበታቸውን አቀረቡልኝ።

«እዚህ ጋ፣ ልጄ። እዚህ ጋ ነው የሚበላኝ።»

«እማማ፣ ይሄ ለንብረት ነው።»

«እኔስ የማን ንብረት ነኝ? የመድኃኔዓለም አይደለሁም? በይ አብሪልኝ።»

ምን ይባላል? አበራሁላቸው። ጉልበታቸው ላይ ባርኮድ ስለሌለ ሽጉጡ ዝም አለ። እማማ ብርቄ ቅር አላቸው።

«ለግፊቱ ጮኾ ለእኔ ዝም አለ? አልታየው ይሆን?»

እዚህ ላይ ነው ልቤ የሳሳው። ደብተሬ ላይ ለመለማመጃ የለጠፍኩት የሕፃን ሚዛን ትርፍ ባርኮድ ነበረ። ደብተሬን ጉልበታቸው ላይ አስጠግቼ፣ ጢጥ! አደረግኩላቸው። «እሰይ! ተገኘ!» አሉ። ከአጠገባቸው ያሉት ሰሙ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበላችሁ፤ ወገብ የሚያማት ወገቧን፣ ራስ የሚያማት ራሷን እያቀረበች፣ አሥራ አራቱም አልጋ ጢጥ ተባለ። አንዷ ሁለቴ ይባልልኝ ብላ ከሌላዋ ጋር ተጣላች። ኮምፒውተሩ በየጢጡ ሚዛኑ ከአልጋ ወደ አልጋ ተዛወረ እያለ ይጽፍ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ አላየሁትም፤ የጋሽ ምስጋናው ቀለም ከልሎኝ ነበር።

መርማሪው ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ሆስፒታሉ ጽዳት ጀመረ። መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ለአምስት ተደራጅቶ እንደሚሰበሰብ ታውቃላችሁ። ሰሞኑን ደግሞ ካይዘን የሚባል አሠራር መጥቷል፤ መለየት፣ መደርደር፣ ማጽዳት። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉ አንድ ለአምስት መሪ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ካይዘንን እንደ እሳቸው ያመነበት ሰው አልተፈጠረም። ቡድናቸውን ሰብስበው ወሰኑ፤ ዳንቴል ሁሉ ይሰብሰብ፣ ይታጠብ፣ በትልቅነቱና በውበቱ ይለይ፣ ትልቁ ለትልቁ፣ የሚያምረው እንግዳ ለሚገባበት ክፍል ይሁን። ቃለ ጉባኤም ያዙበት።

ዳንቴሎቹ ታጥበውና ተተኩሰው የተመለሱት ልክ መርማሪው በሚገባበት ጠዋት ነው። እናቴ ብታያቸው ኖሮ ከበር ላይ ሆና ታውቃቸው ነበር፤ ልጆቿ ናቸው። ግን እሷ ሌሊት የመጣች ወላድ ይዛ ከማዋለጃው ውስጠኛ ክፍል አልወጣችም። እኔ ደግሞ ሽጉጤን ይዤ እየሮጥኩ ቆጠርኩ። አርባ ሦስት ጢጥ። አርባ ሦስት ማሽን፣ አርባ ሦስት ጢጥ! ከዚህ በላይ ምን እውነታ አለ? በውስጠኛው ክፍል በር ቀዳዳ፣ «እማዬ፣ ሁሉም በቦታው ነው!» ብዬ ጮኽኩ። ከውስጥ ወላዷ መለሰችልኝ፤ በጩኸት።

መርማሪው ኢንጂነር ሰለሞን ይባላሉ። ቀጭን፣ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት የጋሸናን መንገድ ጭቃ የለበሰ፣ ፈገግታቸውን መኪና ውስጥ ረስተው የወረዱ ሰው ናቸው። የራሳቸውን ሽጉጥ ይዘው መጥተዋል። መጀመሪያ የገቡት ዳይሬክተሩ ቢሮ ነው። በሩ ፊት ለፊት ጽጌረዳ ያለበት ነጭ ዳንቴል አለ። ደገኑ። ጢጥ።

«የኦክስጅን ማሽን» ብለው አነበቡ። «ከማዋለጃ ክፍል ለምን እዚህ መጣ?»

ዳንቴሉን በሁለት ጣታቸው አነሡት። ቴሌቪዥን ነው። በርቶም ነበር፤ አንድ ሰውዬ ስለ ልማት ይናገራል።

«ይሄ ኦክስጅን ይሰጣል?»

ጋሽ ምስጋናው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደ ፕሮግራሙ ነው።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ባላየሁት! ካርድ ክፍል፣ ጢጥ፣ ሰክሽን ማሽን፤ ሲገለጥ የውኃ ማጣሪያ። ልብስ ስፌት፣ ጢጥ፣ የሕፃናት ማሞቂያ፤ ሲገለጥ ሲንጀር። ላቦራቶሪ፣ ጢጥ፣ ማዋለጃ አልጋ፤ እጥፉ ሲገለጥ ማይክሮስኮፕ። ኢንጂነሩ ዓይናቸውን ከማይክሮስኮፑ ወደ እኔ፣ ከእኔ ወደ ማይክሮስኮፑ አመላለሱ። እናቴ እጇን እየጠረገች የደረሰችው እዚህ ላይ ነው። ዳንቴሏን በማይክሮስኮፕ ላይ ስታየው ገልብጣ የእኔን ስፌት መረመረች። ያ ይባስ አስፈራኝ።

ኢንጂነሩ ኮምፒውተሩን ከፈቱ።

«ይሄ የሕፃን ሚዛን ደግሞ በአንድ ጠዋት አሥራ አራት አልጋ ላይ ተኝቷል። ታሞ ነው?»

እማማ ብርቄ በበር በኩል አንገታቸውን አስግገው ይሰሙ ኖሯል። «ኧረ እኛ ነን ጌታው! እሷ ናት ያከመችን፣ እጇ ይባረክ!»

ኢንጂነር ሰለሞን ማስታወሻቸውን ዘጉ። «አዝናለሁ፣ ሲስተር። ኮምፒውተሩና እውነታው አንድም ቦታ አልተገናኙም። ማሽኑ ለሌላ ሆስፒታል ይሄዳል።»

የስንዱ ወገብ ታየኝ። አውቶቡሱ ታየኝ። ጭቃው ውስጥ ወርዳ ሆዷን ይዛ ስትቆም ታየኝ። ሳላስበው አፌ ተከፈተ።

«እኔ ነኝ! ማሽኖቹ ምንም አላደረጉም። ስቲከሩን ልብሳቸው ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ ልብሳቸው ደግሞ ታጥቦ ተቀያየረ። ልብሳቸውን አውልቀው ይዩዋቸው፤ አንድም የጠፋ የለም። አክስቴ በዚያ መንገድ መሄድ አትችልም!»

እትዬ ጥሩወርቅ ከኋላ፣ «በካይዘን መሠረት ነው የቀየርነው፤ ቃለ ጉባኤ አለን» አሉ።

እናቴ ማዋለጃ ክፍል ገባች፣ ተከተልናት። የኦክስጅን ማሽኑን የባዕድ ልብስ ገፍፋ ጣለችና ቁልፉን ተጫነች። ኸኸኸ ብሎ ተነሣ። ኢንጂነሩ ጠጋ ብለው መዳፋቸውን ቱቦው ላይ አደረጉ።

«መቼ የገባ ነው?»

ጋሽ ምስጋናው የመዝገብ ደብተራቸውን ከብብታቸው አወጡ፤ ሁልጊዜም እዚያ ነው ያለው። «ገና ጤና ጣቢያ ሳለን።»

«እና ይሠራል?»

«ምን ሊያደርግ ኖሯል?» አለች እናቴ።

ኢንጂነሩ ሰክሽኑን አበሩት። ሠራ። ማሞቂያውን አበሩት። ሠራ። ከክፍል ክፍል ልብስ እየገፈፉ፣ ቁልፍ እየተጫኑ፣ እየፈጠኑ ሄዱ። የመጨረሻው ጋ ሲደርሱ ቁጭ አሉ።

«ከዚህ በፊት ሦስት ሆስፒታል አይቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ኮምፒውተራቸው አንድ ነገር አልሳተም። ማሽኑ ያለበትን ክፍል፣ መደርደሪያውን ሁሉ ያውቃል። ሄጄ ስጫነው ግን ግማሹ አይነሣም፤ አቧራ ጨርሶታል። እናንተ ጋ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ስቷል፣ ማሽኑ ሁሉ ይሠራል። እኔ ምን ብዬ ነው የምጽፈው?»

«እንዳዩት ይጻፉ» አለች እናቴ።

«ፎርሙ እንዳየሁት የሚባል ቦታ የለውም፣ ሲስተር።»

ዕድላችን፣ ወደ ጋሸና የሚወስደው መንገድ ላይ ከሰዓት በኋላ ናዳ ወረደ። መኪና አያልፍም፤ እስኪጠረግ እስከ ነገ መቆየት ግድ ነው። ኢንጂነሩ ይህን ሲሰሙ ወደ እናቴ ዞሩ።

«እንግዲያው ነገ ጠዋት እንደገና እቆጥራለሁ። ግን ስቲከሩ በገላቸው ላይ፣ በሙጫ። ልብስ የሚባል ነገር ደግሞ ከእንግዲህ አላይም። ቁጥሩ መታየት አለበት።»

እናቴ የወለቁትን ዳንቴሎች አየቻቸው። ያ ሁሉ ኪሮሽ፣ ያ ሁሉ ምጥ የተጠበቀበት ሰዓት ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «ለጥፊ» አለችኝ፤ ራሷም ልጇ ክትባት ሲወጋ ማየት እንደማትችል እናት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። አንድ በለጠፍኩ ቁጥር ትከሻዋ ሽምቅቅ ይል ነበር። ጋሽ ምስጋናው ቀይ ቁጥሩን ከደብተራቸው ያነቡልኛል፣ እኔ እለጥፋለሁ፣ እትዬ ጥሩወርቅ የወለቀውን አጣጥፈው ይደረድራሉ፣ በትልቅነቱ። በስክሪኑ ላይ የነበረውንም ቀለም ጋሽ ምስጋናው ራሳቸው በቤንዚን ጠረጉት። ሲጠርጉ ፊታቸው ከእናቴ አይሻልም ነበር።

በማግስቱ አርባ ሦስቱም ትክክል ሆነ። ሚዛኑም ከአልጋ ተነሥቶ ቦታው ተመለሰ። ኢንጂነር ሰለሞን ሊሄዱ ሲሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ያ ሰማያዊው፣ ከነዘርፉ፣ ለቴሌቪዥን ይሆናል?» ብለው ጠየቁ። እናቴ ጠቅልላ ሰጠቻቸው። ያን ጊዜ መኪና ውስጥ የረሱትን ፈገግታ አገኙት።

አልትራሳውንዱ በአይሱዙ ተጭኖ የመጣው ስንዱ ስምንተኛ ወሯን በያዘች በሳምንቱ ነው። እናቴ ሥልጠናውን ከሦስት ዓመት በፊት ወስዳ ሰርተፍኬቱን ሳሎን ሰቅላዋለች፤ የቀረው ማሽኑ ብቻ ነበር። ስንዱ በእግሯ፣ ጥላ ይዛ፣ ከቤቷ አሥር ደቂቃ ተራምዳ መጣች። አልጋው ላይ ስትወጣ ግን ፊቷ አመድ መስሏል። ዓይኗን ጨፈነች።

«ደግ ነገር ካየሽ ንገሪኝ። ሌላ ከሆነ አትንገሪኝ።»

እናቴ ጄሉን ቀብታ መፈለግ ጀመረች። መለኪያውን ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ እንደገና ወደ ግራ አንሸራተተች። እኔ ግድግዳው ሥር ቆምኩ።

«ዘርፌ?»

«ቆይ።»

«ምን ቆይ አለ? ልቤ ሊወጣ ነው እኮ!»

«የሱንም ልብ እየፈለግኩ ነው፣ ዝም በዪኝ። … አዎ። ተመልከች፤ ያቺ ብልጭ ብልጭ የምትለው።»

ስንዱ መጀመሪያ አንድ ዓይኗን ገለጠች። ከዚያ ሁለተኛውን። አየች፣ አየች።

«ደኅና ነው?» አለች በመጨረሻ፣ በሹክሹክታ።

«ደኅና ነው። ጭንቅላቱም ወደ ታች ዞሯል። እንደ ሰው ልጅ ተቀምጧል።»

«እግሩ የታለ? ጎኔን ሲደበድብ የከረመው?»

እናቴ እጇን ወደ ላይ ገፋ አደረገች። አንዲት ትንሽ እግር ብቅ አለች፣ ተሰበሰበች፣ ከዚያ ተፈናጠረች። ስንዱ ዘለለች።

«ውይ! እዚያ ሲራገጥ እዚህ ተሰማኝ እኮ!»

እና ሳቋ መጣ። ሁለት ጊዜ ተስፋ የቆረጠች ሴት ሳቅ እንዴት እንደሚመጣ አላውቅም ነበር፤ እንደ ጎርፍ ነው የሚመጣው። ሆዷ ሲንቀጠቀጥ ስክሪኑ ላይ ልጁም አብሮ ይንቀጠቀጣል፣ እሱ ሲንቀጠቀጥ ስታየው ደግሞ ባሰባት።

«ሳቅሽን አቁሚ፣ ልለካው አልቻልኩም!» አለች እናቴ፣ እንባዋን ጄል በነካው እጇ ፊቷ ላይ እየለቀለቀች።

ስንዱ አላቆመችም። እኔም ጀመርኩ። በመጨረሻ እናቴም መለኪያውን አስቀመጠችና፣ ሦስታችንም እየሳቅን ልጁን በየተራ አናወጥነው።